ክሩዝ ኮንትሮል በወሎ መንገድ፦ የት ይብራ፣ የት ይጥፋ

ክሩዝ ኮንትሮል፣ ማለትም እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ተነሥቶ መኪናው የተሰጠውን ፍጥነት ራሱ እንዲይዝ የሚያደርገው መሣሪያ፣ የታሰበው ረጅም፣ ቀጥ ያለና ከብት የማያቋርጠው መንገድ ላለው አገር ነው። የወሎ መንገድ ሌላ ጠባይ አለው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ከደሴ ወልድያ ያለው ደግሞ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ከተማውና ገበያው እየተፈራረቀ ያልቃል። ያም ሆኖ መሣሪያው እዚህ ከንቱ አይደለም። ከጎብዬ በሮቢት አድርጎ እስከ ቆቦና ዋጃ፣ ከሐርቡ እስከ ከሚሴ፣ ከባቲ ወርዶ ወደ ሚሌ በሚዘረጋው ቆላ ላይ እግር ያሳርፋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ሜዳዎቹ ግን አጫጭር ናቸው፤ በየመሃላቸውም መንጋ፣ ግመል፣ ባጃጅና ኬላ አለ። ማብራቱን ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። እዚህ አገር ሹፌርን ከሹፌር የሚለየው የማጥፋቱ ፍጥነት ነው።

መጀመሪያ የሚሠራውን ከማይሠራው እንለይ

ተራው ክሩዝ ኮንትሮል አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፦ ሹፌሩ የሰጠውን ፍጥነት ይዞ ለመቆየት ነዳጅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ፊት ለፊት ያለውን አያይም። መሪ አይዝም። አብዛኛው ፍሬንም አይነካም፤ ቁልቁለት ላይ መኪናው በክብደቱ ከተገፋ ከታዘዘው በላይ ይሮጣል፣ መሣሪያውም ዝም ብሎ ያያል።

በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሚገኘው ዓይነት ግን ከፊት በራዳር ወይም በካሜራ እየተመለከተ ከቀዳሚው መኪና ርቀት ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግም ፍሬን ይይዛል። ስለሱ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው ከክሩዝ ጋር የሚያምታታው የፍጥነት ገደብ መጠበቂያ ነው። እሱ ነዳጅ አይሰጥም፤ እግርዎ እየሰጠ ከተባለው ቁጥር እንዳያልፍ ብቻ ይከለክላል። በከተማ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከፒያሳ ደሴ እስከ ቧንቧ ውሃ ባለው ግርግር፣ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። መኪናዎ ሁለቱም ካሉት የትኛው እንደበራ ዳሽቦርዱ ላይ ሳያረጋግጡ እግርዎን አያንሱ።

ክሩዝ ኮንትሮልን የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። የሚነዳለት ሰው ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግበት ያበሳጨው ነበር ይባላል። የፈጠራ መብቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አገኘ፤ የመኪና ፋብሪካው ክራይስለርም በ1958 ሞዴሉ ላይ ገጠመው። ከኋላ ተቀምጦ ሆዱ የሚገለበጥበት ተሳፋሪ ሁሉ የሰውዬው ስሜት ይገባዋል።

ከመንገድ በፊት፣ ቆመው የሚሠሩት

የፍሬን መብራትዎ መብራቱን ያረጋግጡ። አንድ ሰው ከኋላ ይቁምና ፔዳሉን ይርገጡ፦ ሁለቱም ቢበሩ፣ እግርዎን ሲያነሱም ቢጠፉ ጥሩ ነው። ይህ ከክሩዝ ጋር ምን አገናኘው አይበሉ፤ ፍሬን ሲነካ ክሩዙን የሚያጠፋው ምልክት የሚመጣው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ካለችው ስዊች ነው፣ መብራቱንም የምታበራው እሷው ናት።

ከሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ይዩ። ሁለት ምንጣፍ መደራረብ፣ በተለይ ከላይ ጎማ ከሥር ሱፍ፣ እየተንሸራተተ ሄዶ የነዳጅ ፔዳሉን ይይዛል። አንዱን ያውጡ፣ የቀረውን በመያዣው ያስሩ። የውኃ ኮዳና ነጠላ ጫማም እዚያ አይቀመጥም።

ጎማውን ጠዋት፣ ሳይሞቅ ያስለኩ። በእግር ሲነዳ ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ መኪናው "ይከብዳል"፣ ሹፌሩም ፔዳሉ ላይ ይሰማዋል። ክሩዝ ሲበራ ግን መሣሪያው ነዳጅ እየጨመረ ክብደቱን ይሸፍንልዎታል፤ የሚያውቁት መሪው ሲጎትት ነው። ያን ጊዜ ረፍዷል።

ከዚያ ቁልፎቹን ይለዩ። በብዙ ቶዮታ ላይ ከመሪው በስተቀኝ ከታች በኩል የወጣች አጭር እጀታ አለች። ጫፏ ላይ ያለውን ሲጫኑ ሲስተሙ ይበራል ወይም ይጠፋል። ወደ ታች ሲያደርጓት ፍጥነቱ ይያዛል፣ ከተያዘ በኋላም ይቀንሳል። ወደ ላይ ሲያደርጓት ቀድሞ ወደተያዘው ፍጥነት ይመለሳል፣ ወይም ይጨምራል። ወደ ራስዎ ሲስቧት ይሰረዛል። በሌሎች መኪኖች እነዚሁ ሥራዎች መሪው ላይ በተደረደሩ ቁልፎች ይሠራሉ፤ "ሴት" የሚለው መያዣ፣ "ሬስ" የሚለው መመለሻ፣ "ካንስል" የሚለው መሰረዣ ነው። ቆመው ሳሉ ዓይንዎን ከመንገዱ ሳያነሱ በጣትዎ እስኪያገኟቸው ይለማመዱ። በተለይ መሰረዣውን።

ከአሜሪካ ገበያ የመጣ መኪና ከሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው በማይል ሊሆን ይችላል። 50 ማይል 80 ኪሎ ሜትር ነው። 80ን አይቶ 80 ላይ የያዘ ሰው በ129 እየበረረ ነው።

አያያዙ

መጀመሪያ መያዝ በሚፈልጉት ፍጥነት በእግርዎ ይንዱ። ብዙ መኪና ከ40 ኪሎ ሜትር በታች አይቀበልም። ሲስተሙን ያብሩ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሰዓት ቅርጽና ቀስት ያለባት ምልክት ትበራለች። ፍጥነቱ ሲረጋ መያዣውን አንዴ ይጫኑና ይልቀቁ፣ ከዚያ እግርዎን ቀስ ብለው ያንሱ። በብዙ መኪና ምልክቷ አረንጓዴ ስትሆን ተይዟል ማለት ነው። ነጭ ሆና ከቀረች ሲስተሙ በርቷል፣ ፍጥነቱ ግን አልተያዘም።

መጨመሪያውን ወይም መቀነሻውን አንዴ ነካ ሲያደርጉ ለውጡ ትንሽ ነው፤ በብዙ ቶዮታ 1.6 ኪሎ ሜትር፣ በሌሎች 1 ኪሎ ሜትር። ይዘው ሲቆዩ ደግሞ መኪናው እስኪለቁት ይጨምራል፤ በአንዳንዱ በ5 ይዘላል።

የተነሳው እግርዎ የት ይሂድ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እግር ማሳረፍ ማለት ማጠፍ አይደለም። ተረከዝዎ ወለሉ ላይ፣ ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ለፊት ይሁን፤ ጣቶችዎ ወደ ፍሬኑ ያዘንብሉ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። የታጠፈ እግር እስኪዘረጋ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ 11 ሜትር ሄደ ማለት ነው፣ ያውም ፍሬን ሳይነካ። አንድ በሬ ለመሻገር ከዚያ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል።

ለማጥፋት ሦስት መንገድ አለ፦ መሰረዣው፣ ፍሬኑና ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ። ባለ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና ላይ ፍሪሲዮን መርገጥም በአብዛኛው ያጠፋል። ሜዳ ላይ ሦስቱንም እየሞከሩ ይልመዱ። አስቀድሞ ላዩት ነገር፣ ለምሳሌ 300 ሜትር ላይ ላለ መንጋ፣ መሰረዣውን ይጠቀሙ፤ መኪናው በሞተሩ እየተያዘ ይቀንሳል፣ ከኋላ ያለው ሲኖትራክም አይደነግጥም። ለድንገተኛ ነገር ፍሬን ነው፤ ቁልፍ መፈለግ የለም።

መቅደም ሲያስፈልግ ክሩዙን ማጥፋት አያሻም። ነዳጅ ይስጡ፣ ይለፉ፣ እግርዎን ሲያነሱ መኪናው ወደተያዘው ፍጥነት ይመለሳል። የፊቱ መንገድ ካልታየዎት ግን ክሩዝም ሆነ እግር አያስቀድምም።

አሁን የመመለሻውን ቁልፍ ነገር። ሮቢት ከመግባትዎ በፊት 80 ላይ ይዘው ነበር እንበል። ከተማው ውስጥ በ40 ሄደው ሲወጡ መመለሻውን ቢጫኑት መኪናው ከ40 እስከ 80 በራሱ ጉልበት ይፈተለካል፤ አንዳንዱ ማርሽ ቀንሶ እየጮኸ ነው የሚሄደው። ከተማው ያለቀ መስሎዎት ጫፉ ላይ ያሉት ልጆች ገና አላለቁም። ስለዚህ ይህን ልማድ ያድርጉት፦ ከከተማ ሲወጡ በእግርዎ ፍጥነት ይጨምሩ፣ ከዚያ እንደ አዲስ በመያዣው ይያዙ። መመለሻው የሚሆነው ሜዳ ላይ ለአንድ ጉድጓድ ወይም ለአንድ አህያ ዝቅ ብለው ሲመለሱ ብቻ ነው።

የትኛው መንገድ ላይ

መለኪያው ቀላል ነው። ቢያንስ ለአንድ ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ይታያል? መንገዱ ደርቋል? ላለፉት ሁለት ደቂቃዎች ፍሬን አልነኩም? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ይያዙ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፍሬን ከነኩ መንገዱ ክሩዝ አይፈልግም ማለት ነው፤ ያጥፉትና በእግር ይንዱ።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ። ሐርቡ እስኪያልፍ አይያዙ። ከዚያ በኋላ የጨፋ ሜዳ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ የሚያታልለውም መቅናቱ ነው። ጨፋ ረግረግ መሬት ስለሆነ በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚያ ሣር አይጠፋም፤ ከአፋርም ከዙሪያውም ከብት ይመጣል። መንጋው ጠዋት ወደ ግጦሽ ሲወጣና አመሻሽ ሲመለስ አስፋልቱን ያቋርጣል። ክሩዝ የሚሆነው በመካከለኛው ሰዓት፣ ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። አንድ ላም ከተሻገረች ጥጃዋ ከኋላ አለ፤ የመጀመሪያውን ከብት ሲያዩ ይሰርዙ፣ የመጨረሻው እስኪያልፍም አይያዙ።

ከወልድያ ወደ ቆቦ። ከወልድያ እስከ ጎብዬ ያለው ኩርባና ውጣ ውረድ ነው፣ በእግር ይነዳል። ከጎብዬ በኋላ ያለው ሜዳ ምናልባት በወሎ ለክሩዝ ከሁሉ የተመቸው ነው፤ 80 ይዘው ማሽላውን እያዩ ይሄዳሉ። ጠንቁ ክረምት ላይ ነው። በምሥራቅ ሜዳው ደረቅ ሆኖ ሳለ በምዕራብ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ጎሊናና ሆርማት ድንገት ይሞላሉ፣ ጎርፉም አሸዋና ደለል አስፋልት ላይ ትቶ ይሄዳል። ሰማዩ ብሩህ ስለሆነ መንገዱ ደረቅ ይመስልዎታል። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ካዩ ከየድልድዩና ከየመሻገሪያው በፊት ያጥፉ። ደለል ላይ ክሩዝ እንደ በራ መግባት ማለት ጎማው ሲንሸራተት መኪናው ነዳጅ እየሰጠ ነው ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ። በደጋንና በገርባ በኩል መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢም እዚሁ ነው የሚወጣው። ባቲ እስኪያልፉ ክሩዝ የለም። ሰኞ ከሆነ ደግሞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ከከተማው በፊትም በኋላም ለብዙ ኪሎ ሜትር ሰው፣ ግመልና ፍየል መንገዱን ይሞላዋል፤ ያን ቀን ጨርሰው ይርሱት። ከባቲ በኋላ ወደ ሚሌ 1,000 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅና ቆላው ሲደላደል ይያዙ። ግመል ከላም የከፋ ነው። እግሩ ረጅም ስለሆነ የመኪናው አፍንጫ እግሩን ሲመታ ገላው በመስታወቱ ይገባል።

ከደሴ ወደ ወልድያ። በአጭሩ፣ አይሆንም። ቦሩ ሜዳ ላይ ሜዳው ያጓጓል፣ ግን ሰፈር ነው። ከሐይቅ በኋላ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ሲሪንቃ እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ በመሃል አንዳንድ ቀጥ ያለ ቦታ ቢገኝም ይዘው ሳይጨርሱ ያልቃል። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየከተማው መስጊድ ዙሪያ መንገዱ የእግረኛ ነው።

በየከተማው መግቢያ ያለው ብሬከር ብዙ ጊዜ ቀለሙ ጠፍቷል፤ ኬላ ላይ የተወጠረ ገመድም ከሩቅ አይታይም። የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቤት ሲያዩ መሰረዝ ከሁለቱም ያድናል።

ቁልቁለት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 600 ሜትር ይወረዳል። እዚህ ክሩዝ መያዝ ሦስት ጉዳት አለው። ተራው ዓይነት ፍሬን ስለማይይዝ 50 ላይ ቢይዙት መኪናው 65 እና 70 ይገባል፤ ሹፌሩ ደግሞ "ይዣለሁ" ብሎ ስለተዘናጋ ኩርባው ላይ ነው የሚነቃው። ሁለተኛ፣ ኩርባው ሁሉ የየራሱ ፍጥነት አለው፣ መሣሪያው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስተኛ፣ ፍሬን ባለው ዓይነት ደግሞ መኪናው ሳይነግርዎት የፍሬን ሸራውን እየፈጀ ሊወርድ ይችላል። ሸራ ሲግል ይደነዝዛል፤ የፍሬን ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ክሩዙን ያጥፉ፣ ማርሽ ይቀንሱ። ባለ ፍሪሲዮን ከሆነ በምን ማርሽ ይወጡት ነበር? በዚያው ይውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ 3 ወይም 2፣ ወይም በእጅ ወደሚቀየረው ያስገቡ። ቶዮታ ሃይብሪድ ከሆነ "ቢ" የሚለው ለዚህ ነው። ሞተሩ 3,000 ዙር አካባቢ ቢጮህ አይፍሩ፣ እየያዘልዎት ነው። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ይቀንሱ፣ ይልቀቁ፤ እግርን ፍሬን ላይ ረስቶ መውረድ ነው የሚያግለው።

ዳገት ላይስ? ደኅንነቱን ሳይሆን ነዳጁን ይጎዳል። ክሩዝ ዳገት መምጣቱን አያውቅም፤ ፍጥነቱ መውረድ ሲጀምር ብቻ በድንገት ብዙ ነዳጅ ይሰጣል፣ አውቶማቲክም ማርሽ ጥሎ ይጮኻል። በእግር የሚነዳ ሰው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ይጨምርና ላይ ሲደርስ 10 ኪሎ ሜትር እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ብዙ ቶዮታ ከተያዘው ፍጥነት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ ክሩዙ በራሱ ይጠፋል። ያኔ ተበላሽቷል ብለው ጋራዥ አይሂዱ።

ስለ ነዳጅ ካነሳን፣ ቁጠባው ሜዳ ላይ ነው፣ እሱም ከሚመርጡት ቁጥር ይመጣል። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 100 ሲወጡ አየሩ የሚገፋዎት 56 በመቶ ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ፍራሽና ጀሪካን ከጫኑ ደግሞ ሂሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ዝናብ፣ ጉምና ምሽት

እርጥብ አስፋልት ላይ ክሩዝ አይበራም። ምክንያቱ ይኸው፦ ጎማ የተጠራቀመ ውኃ ላይ ሲወጣ መሬቱን ይለቃል። በእግር የሚነዳ ሰው ወዲያው ነዳጁን ይለቃል፣ ያም ትክክለኛው መልስ ነው። ክሩዝ የያዘ ሰው ግን የሚለቀው ነገር የለውም፤ እግሩ ቀድሞውኑ ወለል ላይ ነው። የቀረው ፍሬን መርገጥ ነው፣ ውኃ ላይ ፍሬን ደግሞ መኪናውን ያሽከረክራል። አዳዲስ መኪኖች የመንሸራተት መቆጣጠሪያቸው ሲሠራ ክሩዙን ራሱ ያጠፉታል፤ ግን ያ የሚሆነው መንሸራተቱ ከጀመረ በኋላ ነው። ደርሶብዎት ከተገኙ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ በጣት መሰረዣውን ይጫኑ፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ይጠብቁ።

ጉም ላይ፣ በተለይ ክረምት ሐረጎ ላይና ጦሳ ሥር፣ ክሩዝ አይበራም፤ ማስረዳትም አያሻውም።

ምሽት ላይ የሚወስነው መብራትዎ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር፣ ደረቅ አስፋልትና ጤናማ ፍሬን ይዘው፣ አይተው እስኪረግጡ 33 ሜትር፣ ረግጠው እስኪቆሙ ወደ 35 ሜትር፣ በድምሩ 68 ሜትር ያስፈልጋል። አጭር መብራት ከዚያ ያነሰ ነው የሚያሳየው። በ60 ድምሩ 45 ሜትር ይሆናል። ከ60 በላይ በአጭር መብራት መያዝ ማለት ያላዩት ቦታ ላይ መድረስ ነው። መብራት የሌለው ጋሪና ዳር ላይ ያለ ምልክት የቆመ ተሳቢ እንዳለ ሲታሰብ፣ ምሽቱን በእግር መንዳት ይሻላል።

እንቅልፍም አለ። እግር ሥራ ሲያጣ ዓይን ይከብዳል፤ የቆላው ሙቀትና ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ይጨምሩበታል። በጫት ነቅቶ የሚነዳ ሰው ደግሞ ምርቃናው ሲለቅ ድንገት ነው የሚወድቀው። ዓይንዎ መክበድ ሲጀምር ክሩዙን አጥፍተው ወደሚቀጥለው ከተማ ይድረሱ፣ ቡና ጠጥተው ሩብ ሰዓት ይተኙ። ቡናው የሚሠራው ከእንቅልፉ ጋር ሲሆን ነው።

ርቀት የሚጠብቀው ዓይነትና የኤሌክትሪክ መኪና

አሁን በየከተማው የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ራዳር ያለው ክሩዝ ይዘው ይመጣሉ። ርቀቱን ከአጭር እስከ ረጅም መምረጥ ይቻላል፤ ሁልጊዜ ረጅሙን ይምረጡ። ለማረጋገጥ የፊተኛው መኪና አንድ ዛፍ ሲያልፍ "አንድ ሺ አንድ፣ አንድ ሺ ሁለት፣ አንድ ሺ ሦስት" ብለው ይቁጠሩ። ሳይጨርሱ ዛፉ ጋ ከደረሱ ቀርበዋል።

ራዳሩ የሚያውቀው በአብዛኛው በተመሳሳይ አቅጣጫ የሚሄድ መኪና ነው። የቆመ ተሳቢ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ከጎን የሚገባ ባጃጅ ላያይ ይችላል። ኩርባ ላይ የፊቱ መኪና ከእይታው ሲወጣ መንገዱ ባዶ መስሎት ነዳጅ ይሰጣል። ሌላም አለ፦ 80 ይዘው ከአንድ አይሱዙ ኋላ በ35 ሲጎተቱ ከቆዩ በኋላ አይሱዙው ወደ ገጠር መንገድ ሲታጠፍ መኪናዎ ወደ 80 ይወረወራል። ቀስ ካለ መኪና ኋላ ለረጅም ጊዜ ከቆዩ የተያዘውን ቁጥር ዝቅ ያድርጉት።

ራዳሩ ብዙ ጊዜ ከፊት በአርማው ጀርባ ወይም በታችኛው መከላከያ ውስጥ ነው፣ ካሜራው ከመስታወቱ ላይኛ ክፍል ጀርባ። ጭቃ ሲሸፍነው "አይሠራም" የሚል መልእክት ይመጣል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ፊት ላይ የብረት መከላከያ ማስበየድ ወይም አርማውን በሌላ መተካት ራዳሩን ያሳውረዋል። መስታወት ከተቀየረም ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ በሞተሩ እየተያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ስለዚህ ከነዳጅ መኪና ይልቅ ፍጥነቱን ይጠብቃል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ ኃይሉን የሚያስቀምጥበት የለውም፤ መያዙ ይደክማል፣ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ሂሳቡን እንሥራ፦ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን 5 በመቶውን ያህል ነው። ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው 100 ሞልቶ አይነሳ፤ 90 ላይ ያቁም። እግር ሲነሳ የሚይዘውንም ኃይል ከፍተኛው ላይ ያድርገው።

አልያዝ ሲል

ብዙ ጊዜ ብልሽቱ የፍሬን ስዊቿ ነው። ስዊቿ የምትነካት ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁልፍ ፔዳሉ ላይ አለች፤ ስታረጅ ተሰብራ ትወድቃለች። ምንጣፉ ላይ የተሰባበረ ፕላስቲክ ካገኙና የፍሬን መብራቱ አልጠፋ ካለ እሷ ናት። መኪናው ፍሬን የተያዘ ስለሚመስለው ክሩዝ አይቀበልም። ዋጋዋ ከጉልበቱ ያንሳል።

የፍሬን አምፖል ተቃጥሎ ወይም በኤልኢዲ ተተክቶ ከሆነ በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ክሩዙ እምቢ ይላል፤ በአምፖሉ ክር በኩል ነው ምልክቱን የሚያነቡት። የድሮውን አምፖል መልሰው ይሞክሩ።

የሞተር መብራት ወይም የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሲስተም) መብራት ከበራ ብዙ መኪና ክሩዝን ራሱ ይዘጋል። ክሩዙን መነካካት ዋጋ የለውም፣ መብራቱን ያመጣውን ነገር በኮምፒውተር ያስነብቡ። ጭቃ ከታጠበ በኋላ የመጣ ከሆነ የጎማ ፍጥነት ሴንሰሩ ገመድ ይታይ።

ክላክሱም አብሮ ከሞተ፣ የኤርባግ መብራትም ከበራ፣ ከመሪው ሥር ያለው ተጠምጣሚ ገመድ ተበጥሷል። ይህ ኤርባጉን ስለሚነካ ባትሪ ሳይነቀል መሪ አይፈታም።

ክሩዝ የሌለው መኪና ላይ ማስገጠም ይቻላል፤ የነዳጅ ፔዳሉ በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ከሆነ መሃል ላይ የሚሰካ ዕቃ አለ። ገጣሚውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ከፍሬን ስዊቿ፣ ባለ ፍሪሲዮን ከሆነም ከፍሪሲዮኑ ጋር ታገናኘዋለህ ወይ? "ያለሱም ይሠራል" ካለ ቁልፍዎን ይዘው ይውጡ።

እና የመጨረሻው፣ እምብዛም የማይደርስ ግን መታወቅ ያለበት፦ ክሩዙ አልጠፋ ብሎ መኪናው ከሮጠ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይል አንዴ ይርገጡና አይልቀቁ፤ እያነሱ መርገጥ የፍሬኑን ረዳት ጉልበት ይጨርሳል። ማርሹን ወደ ኒውትራል ያውጡ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩህ። ዳር ይዘው ከቆሙ በኋላ ሞተሩን ያጥፉ። እየሮጡ ሳለ ቁልፍ አያዙሩ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። በቁልፍ የማይነሳ፣ በመጫን የሚነሳ መኪና ከሆነና ኒውትራል እምቢ ካለ፣ የማስነሻውን ቁልፍ 3 ሰከንድ ያህል ይዘው ይቆዩ፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ግን ይከብዳል፣ በሁለት እጅ ይያዙት።